ከስብሰባው በፊት የተጻፈ ቃለ ጉባዔ

በዚያን ጊዜ አዋሳ ውስጥ ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ ሰው የአምሳሉን ቤት ይጠይቅ ነበር። ፊደሉ እንደ ተለቀመ ምስር እኩል እኩል ነው፤ አንዱ ሌላውን አይጋፋም። ከሆሳዕና በኩል፣ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ሲመጣ ይዞት የመጣው ሀብት ይኸው እጁ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ለመዘምራን መዝሙር ገለበጠ፣ ቀጥሎ አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ደግሞ ቀበሌው ጸሐፊ አድርጎ መረጠው። መረጠው ማለት ያው «መጻፍ የሚችል ማነው?» ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

ሹመቱን አልጠላውም። የሚጸልይበት ቤት ታሽጓል፤ አብረውት ይዘምሩ ከነበሩት ሁለቱ እስር ቤት ናቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ መሆን በዶፍ ዝናብ መሃል ጣሪያ ሥር እንደመግባት ነበር። «ጴንጤው» ብሎ የሚጠቋቆምበት ቀረ፤ «ጓድ ጸሐፊ» ሆነ። ይህን ጣሪያ እንዳያጣ ሲል ብዙ ነገር እያየ እንዳላየ ማለፍን ለመደ። ከለመዳቸው ነገሮች አንዱ ቃለ ጉባዔ ከስብሰባው በፊት መጻፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀበሌው ስብሰባ እሁድ ጠዋት ይደረጋል። ሪፖርቱ ደግሞ ሰኞ በሁለት ሰዓት ማዘጋጃ ቤት መግባት አለበት። ሊቀመንበሩ ባዬ ድሮ የመኪና መካኒክ የነበረ፣ ሥራ ሲጓተት የማይወድ ሰው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ቢሮ ተቀምጠው የነገውን ቃለ ጉባዔ በጽሕፈት መኪና ያወጡታል። «ተሰብሳቢው በጉዳዩ ላይ በስፋት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» ይላል መጨረሻው ሁልጊዜ። ባዬ ይፈርማል፣ ማህተም ያሳርፋል፣ ማህተሙን ከሣጥኑ ይቆልፋል። እሁድ የሚቀረው የተሰብሳቢዎቹ ፊርማ ነው፤ እሱንም አምሳሉ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲገባ ይሰበስባል። የማይፈርም፣ ፊደል ያልቆጠረ ከሆነም ጣቱን ቀለም ነክሮ የማያትም፣ ለኅብረት ሱቁ የስኳርና የሳሙና ካርዱ አይመታለትም። ሰው ፈርሞ ይገባል፣ ያንቀላፋል፣ ይወጣል። ፊርማው ከተጻፈው ጀርባ ይሰፋል።

አራት ዓመት ሙሉ በዚህ አሠራር የተጎዳ ሰው አልነበረም። የሚወሰነው ነገር የሚያከራክር አልነበረማ። ማን መንገድ ይጥረግ፣ የትኛው ሰፈር ለሰልፍ ይውጣ፣ የዘብ ተራ የማን ነው፤ ይኸው ነው።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ግን ለቀበሌው አንዲት ቦኖ ተፈቀደች።

ቀበሌው ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የሚባል ነገር አለው። ላይ ሰፈር አስፋልቱን ተደግፎ የተሠራ ነው፤ ቢሮውም ሱቁም እዚያ ነው። ታች ሰፈር ወደ ሐይቁ ረግረግ ይወርዳል። ላዮቹ ውሃ የሚቀዱት ከሌላ ቀበሌ ተራ ጠብቀው ነው፤ ታቾቹ ከሐይቁ። በሁለቱ መካከል የጋሽ ኑሪ ረጅም ግቢ ተጋድሟል። ጋሽ ኑሪ ከስልጤ አገር በልጅነታቸው የመጡ ባለሱቅ ናቸው። ሱቃቸው ፊቱን ወደ ላይ ሰፈር አዙሯል፣ የጓሮ አጥራቸው ደግሞ ታች ሰፈር ላይ ያልቃል። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ያንን ግቢ ሙሉ መዞር ነበረበት።

ባዬ ቦኖዋን ቢሮው በር ላይ ሊያስተክላት ፈለገ። «እንግዳ ሲመጣ የቀበሌው ሥራ ይታያል» አለ። አምሳሉ ራሱ የሚኖረው ታች ሰፈር ነው። ሚስቱ ሮማን ጀሪካን ተሸክማ ከሐይቁ ስትመለስ በየቀኑ ያያታል። ቅዳሜ ዕለት ባዬ ሲያነበንብለት ጣቱ መኪናው ላይ ትንሽ ቆም አለ፤ ከዚያ ጻፈው። ቦኖው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንዲተከል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

እሁድ ዕለት ሰዉ ፈርሞ ገባ። ባዬ «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ብሎ ከፈተ፣ ጉዳዩን ተናገረ፣ «ተቃውሞ የሌለው እጁን ያውጣ» ሊል አፉን ሲከፍት የታች ሰፈሯ እትዬ ካሰች ብድግ አሉ። እትዬ ካሰች ዓሣ ነጋዴ ናቸው፤ የሲዳማ ሰው ናቸው፣ አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ነው።

«እኛ ታች ያለነው ሰው አይደለንም ወይ?» አሉ።

የላይ ሰፈሩ ጋሪ ነጂ ደበሌ ከወዲያ ጥግ ቀበል አደረገ። «እንዴ እትዬ ካሰች! እናንተ ሙሉ ሐይቅ ይዛችሁ እኛን አንዲት ቧንቧ ትነፍጉናላችሁ? ይልቅ እሱን አካፍሉን!»

አዳራሹ ሳቀ።

«ና ውረድና ቅዳው» አሉ እትዬ ካሰች። «ጉማሬው ሲያየን መንገድ ይለቅልናል፤ አንተ ነህ እንጂ ጋሪህን ለኛ የማታቆመው።»

አሁን ሳቁ ከታቾቹ በኩል ነበር። ከዚያ በኋላ ሳቁ ጠፋና ስድብ መጣ። «ረግረግ ያበቀለው» የሚል ተሰማ፣ «አስፋልት ላይ ስላደራችሁ ከተሜ የሆናችሁ መሰላችሁ» የሚል መለሰ። ባዬ ጠረጴዛውን እየደበደበ «ሥርዓት! ሥርዓት!» ይላል።

እትዬ ካሰች አልተቀመጡም። ጩኸቱ እስኪደክመው ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«አባቴ ሶንጎ ይቀመጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ሲመክሩ እኔ ልጅ ሆኜ ምግብ ሳቀርብ እሰማለሁ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። ሞኝ ነገር ቢናገርም አያቋርጡትም። እስኪ ደበሌ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ዝም ልበል። ቀልዱን ተወውና ለምንድን ነው ላይ የፈለግኸው?»

ደበሌ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«እናቴ እግሯ አይሄድም» አለ። «እኔ ጋሪ ላይ ስውል ውሃ የሚሰጣት የለም። ጎረቤት እስኪመጣ ትጠማለች። በሯ አጠገብ ቢሆን እየተንፏቀቀችም ቢሆን ትቀዳለች። ይኸው ነው።»

«ይሄን አላውቅም ነበር» አሉ እትዬ ካሰች።

«አልጠየቁኝማ።»

«ልክ ነህ። የኔንም ስማ። ባለፈው ክረምት ከታች ሰፈር ሦስት ሕፃን በተቅማጥ ቀበርን። አንዷ የልጄ ልጅ ናት። ከሐይቁ የቀዳሁላት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የሚያንቀላፋ አልነበረም። ጋሽ ኑሪ ከወደ ኋላ ተነሡ። ሰው ፊት መናገር የማይወዱ ሰው ናቸው፤ አንገታቸውን እያሹ «የኔ ግቢ መሃል ላይ ነው» አሉ። «የጓሮውን ጥግ ላፍርሰውና እዚያ ትተከል። ለላዩም በጎን በኩል መግቢያ አወጣለሁ።»

«ከእናቴ በር ስንት እርምጃ ይሆናል?» አለ ደበሌ።

ማንም አያውቅም። ደበሌና እትዬ ካሰች ሊለኩ አብረው ወጡ፤ ስብሰባው በሙሉ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። ሲመለሱ እየተጨቃጨቁ ነው፤ ደበሌ «ሁለት መቶ ስምንት» ይላል፣ እሳቸው «የእግርህን ርዝመት አየሁት፣ ለእናትህ ሦስት መቶ ይሆናል» ይላሉ። ከእሳቸው በር ደግሞ ሁለት መቶ ሰባ ሆነ። ደበሌ ጥቂት አሰበና ለእናቱ አንዲት የታች ሰፈር ልጅ በየቀኑ አንድ ባልዲ የምታደርስለት ከሆነ ተስማማሁ አለ። ታቾቹ ቦዩን ሊቆፍሩ፣ ደበሌና የላይ ጋሪዎች ድንጋዩንና ቧንቧውን ሊያመላልሱ ቃል ተገባቡ። ባዬ ድምፅ ሲጠይቅ እጅ ሁሉ ወጣ። እውነተኛ ሙሉ ድምፅ አምሳሉ በዓይኑ ያየው ያን ቀን ነው።

ምን እንደነካው አያውቅም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእርሳስ ሲጽፍ ነበር። የስኳር መቆጣጠሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ የእትዬ ካሰችን ቃል፣ የደበሌን እናት፣ የእርምጃውን ቁጥር ሳይቀር ጻፈ። በአራት ዓመት ውስጥ የሰው ንግግር ሲጽፍ የመጀመሪያው ነበር። ከብብቱ ሥር ያለው ፋይል ውስጥ ቅዳሜ የተጻፈው ተቀምጧል፣ ማህተም ተመቶበት።

ሰዉ ሲወጣ ባዬን ጠጋ አለው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቃለ ጉባዔው ይቀየራል አይደል?»

«እንዴት አድርገህ ትቀይረዋለህ?» አለ ባዬ። ሳይቆጣ ነው። «የውሃ ክፍሉ መሐንዲስ ወስነናል ብዬው ቢሮው በር ላይ መሆኑን ካርታው ላይ ምልክት አድርጓል። ዛሬ ሌላ ቦታ ብንል፣ ያኛውን መቼ ወሰናችሁት ይሉናል። ምን ልትል ነው? ከስብሰባው በፊት ጻፍነው ልትል ነው?»

«እንግዲህ...»

«ይግባ። በኋላ እናስተካክለዋለን።»

አምሳሉ «በኋላ» የሚባለውን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። መያዝ የፈለገው ቃል ነበረና አጥብቆ ያዘው።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ፖስታው ጉልበቱ ላይ ነው፤ የእርሳሱ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ታጥፏል። ተራው ሲደርስ መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ወረቀቶቹን ገለጠች፣ ፊርማዎቹን በዓይኗ ሮጥ ሮጥ አድርጋ አየች።

«ቦኖው ጽሕፈት ቤት በር ላይ። በሙሉ ድምፅ ነው አይደል?»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ፊቷም የሚያስፈራ አልነበረም። «አይ፣ ትንሽ የሚስተካከል ነገር አለ» ቢላት ወይ ወረቀቱን ትመልስለታለች ወይ ከአለቃዋ ጋር ታገናኘዋለች፤ ከዚያ በላይ የሚመጣ ነገር አልነበረም። ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቦታል። ያን ሰዓት የመጣበት ግን የታሸገው የጸሎት ቤት በር ነው።

«አዎ» አለ።

ቀለም ነክራ «ገቢ» የሚለውን መታችበት።

ከማዘጋጃ ቤት ሲመለስ ጋሽ ኑሪ ከሁለት ወንድ ልጆቻቸው ጋር የጓሮ አጥራቸውን ጥግ ሲያፈርሱ አገኛቸው። እንጨቱን ነቅለው በመልክ በመልኩ ይከምሩታል። «ጸሐፊያችን!» አሉት ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ሰዎቹ ሲመጡ እንዳይጉላሉ ብዬ ነው። አደረስከው?»

«አድርሻለሁ ጋሽ ኑሪ።»

«ተባረክ።»

ረቡዕ የውሃ ክፍሉ ቆፋሪዎች መጡና ቢሮው በር ላይ ምልክት አደረጉ። ታቾቹ አካፋና ዶማቸውን ይዘው ጋሽ ኑሪ ጓሮ ሲጠብቁ ውለው፣ ነገሩን ሲሰሙ ተሰብስበው ወደ ላይ ወጡ። ደበሌም ጋሪውን ድንጋይ እንደጫነ ነበር። የቆፋሪዎቹ አለቃ አልተከራከራቸውም። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፣ ገለበጠ፣ የፊርማውን ዝርዝር አሳያቸው። «ይሄ የማን ነው?»

እትዬ ካሰች ጎንበስ ብለው አዩ። ማንበብ አይችሉም። ነገር ግን በግራ ጠርዝ፣ ሦስተኛው ላይ ያለው የጣት አሻራ የሳቸው መሆኑን ያውቁታል፤ አውራ ጣታቸው ላይ ቢላ የተዋት ጠባሳ አለች፣ አሻራው ላይም ነጭ መስመር ሆና ወጥታለች። ቀና ብለው አምሳሉን ፈለጉት። ቢሮው መስኮት ላይ ነበር። ከመስኮቱ ዞር አለ።

ደበሌ ድንጋዩን እዚያው አራግፎ ሄደ።

ቦኖው ከተከፈተ በኋላ ሮማን የመጀመሪያውን ቀን ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመለሰች።

«ምነው?» አላት።

«ተራ እጠብቃለሁ አልኳቸው፣ አሳለፉኝ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«ሁሉም ዞር ብለው መንገድ ለቀቁልኝ፣ አምሳሉ። 'ያንቺ ውሃ እኮ ነው፣ ባለቤትሽ በእጁ የጻፈው' አሉኝ። ያውም አክብረው ነው ያሉት። አንድም የሳቀ የለም።» ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችው። «ነገ አንተ ቅዳ።»

ጋሽ ኑሪ ያፈረሱትን አጥር መልሰው አላጠሩትም። የታች ሰፈር ሴቶች በዚያ ክፍተት እየገቡ በግቢያቸው አቋርጠው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ መንገዱ በግማሽ ያጥራል። አምሳሉ ግን ጀሪካኑን ይዞ ግቢውን በሙሉ ይዞር ነበር። ወንድ ልጅ ውሃ ሲሸከም አይቶ ሕፃን ሁሉ ይከተለዋል። ጋሽ ኑሪ ሱቃቸው በር ላይ ሆነው ያዩታል፤ ሰላምታቸውን አላጎደሉበትም። ቢያጎድሉበት ይሻለው ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ እሁድ ደግሞ ስብሰባ ሆነ። ሰዉ በር ላይ ፈረመ፣ ገባ፣ ተቀመጠ። የተነሣው የፍሳሽ ቦይ ጉዳይ ነው፤ በላይ ሰፈርና በታች ሰፈር መካከል የሚያልፍ፣ በእርግጥ ሊያነጋግር የሚገባው ነገር ነው። ባዬ ገለጻውን ጨርሶ «አስተያየት ያለው?» አለ። ማንም አልተነሣም። «ታች ሰፈርስ?» አለ። እትዬ ካሰች ነጠላቸውን አስተካከሉ እንጂ አልተናገሩም። «ደበሌ፣ አንተ መቼም ነገር አታጣም።»

ደበሌ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «እንደጻፋችሁት» አለ።

የሳቀ ሰው የለም። ባዬ ራሱ ቀላ፤ የቦዩንም ነገር ለሌላ እሁድ አሳደረው። አምሳሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ ነገር ገባው፤ የወሰደባቸው ቦኖ ብቻ እንዳልነበረ። ደበሌና እትዬ ካሰች እርምጃ ሊቆጥሩ አብረው ሲወጡ የነበረውን ነገር ወስዶባቸው ነበር፣ እሱን ደግሞ መሐንዲስ መጥቶ አይተክለውም።

በሳምንቱ የእርሳሱን ወረቀት ይዞ ወደ ጋሽ ኑሪ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍተቱ ገባ። እትዬ ካሰችም እዚያ ነበሩ፤ የተከመረው የአጥር እንጨት ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ባልዲያቸው አጠገባቸው ነው። መመለስ ፈለገ፣ ግን አይተውታል።

ቆሞ ወረቀቱን አነበበላቸው። ቅዳሜ የተጻፈውንም ነገራቸው።

«እንዲህ ብዬ ነበር እንዴ?» አሉ እትዬ ካሰች ስለ አባታቸው የተናገሩትን ሲሰሙ።

«ብለው ነበር። እንዳሉት ነው የጻፍኩት።»

«ሦስቱን ሕፃናትም ጻፍካቸው?»

«ጽፌያቸዋለሁ።»

ጋሽ ኑሪ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት፣ እስክሪብቶውን ከኪሳቸው አወጡ። «ፋይሉ ውስጥ ይግባ» አሉ። «ቦኖዋን አይነቅላትም፤ ግን አንድ ቀን የሚያነበው ሰው ይኖር ይሆናል።» ፈረሙ። አምሳሉ የማህተም ቀለሙን ይዞ ነበር፤ ክዳኑን ከፍቶ ለእትዬ ካሰች አቀረበላቸው።

እሳቸው እጃቸውን ነጠላቸው ሥር አስገቡት።

«ጣቴንማ አንዴ ሰጥቼህ ነበር» አሉ።

አምሳሉ ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

«እንካ፣ ባልዲውን አሸክመኝ» አሉት፣ ካሸከማቸው በኋላ ደግሞ ከባልዲው ሥር ሆነው «በሚመጣው እሁድ ባዶ ወረቀት ይዘህ ና» ብለውት ሄዱ።

ቅዳሜ ለባዬ አስቀድሞ እንደማይጽፍ ነገረው። ባዬም «ሪፖርቱ ሰኞ ሁለት ሰዓት ነው» አለ።

«እሁድ ከሰዓት እጽፈዋለሁ። ማህተሙን ያኔ ይመቱበታል።»

«ቢዘገይ ተጠያቂው አንተ ነህ። ደግሞ ስላንተ የማውቀውን እንዳልረሳሁ አትርሳ።»

«አውቃለሁ ጓድ ሊቀመንበር።»

እሁድ በር ላይ ቆሞ ካርድ ብቻ መታ። «ፊርማውስ?» ሲሉት «ሲያልቅ ነው፣ የተባለው ከተነበበ በኋላ» ይላል። ካርዳቸው ከተመታላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከደጅ ተመለሱ፤ ስኳሩን ይዘው ምን ሊያደርጉ ይቀመጣሉ? የቀሩት አርባ አይሞሉም። ጋሽ ኑሪ አሉ። ደበሌ ጥግ ላይ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቷል። እትዬ ካሰች መጨረሻ ገብተው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ አምሳሉ ፊት ያለውን ወረቀት አዩ። ነጭ ነው።

ባዬ ስለ ቦዩ ደግሞ አስረዳና «አስተያየት?» አለ። አምሳሉ እርሳሱን ይዞ ጠበቀ። የእሱ ድርሻ መጻፍ ብቻ መስሎት ነበር፤ ባዶ ወረቀት ይዞ መምጣቱ የሚበቃ መስሎት ነበር።

«እኔ ጥያቄ አለኝ» አሉ እትዬ ካሰች። «ስለ ቦዩ አይደለም። ከቦዩ በፊት ነው። አምሳሉ፣ መጻፍህን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ተናገር።»

ደበሌ ባርኔጣውን ከፊቱ ላይ አነሣ።

አምሳሉ ባዬን አየ፤ ባዬ ጠረጴዛውን ነው የሚያየው። እርሳሱን አስቀመጠ። ሰው ፊት ቆሞ ከራሱ አፍ ተናግሮ አያውቅም፤ መዝሙር ቤት እንኳ ግጥሙን ገልባጭ ነበር። ሲነሣ ወንበሩ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አነሣውና እንደገና ቀና አለ።

«ያን ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ስገባ ሁለት ወረቀት ይዤ ነበር» ብሎ ጀመረ። ቃሉን ሊያስተካክል ቆመ። ያን ጊዜ ማንኛውም ሰው ነገር ሊጥልበት ይችል ነበር።

ማንም አላቋረጠውም።